«ስጸልይ ስምሽ መጣልኝ» ብሎ ዋስ ሁኚኝ ያለኝን ወንድም ምን ልበለው?

ትዕግሥት_ዘጀሞ | እሑድ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ደመወዜ 17,200 ብር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቤታችን የጸሎት ኅብረት አለ፤ ስድስት ቤተሰብ ነን። ከመካከላችን አንዱ ወንድም ዳቦ ቤት ሊከፍት ተነሥቷል። ከአንድ አበዳሪ ተቋም 350,000 ብር ሊበደር ሄዶ «የደመወዝ ዋስ አምጣ» ተባለ። የመጣው ወደ እኔ ነው።

የከበደኝ አጠያየቁ ነው። «ሦስት ቀን ጾሜ ስጸልይ ስምሽ መጣልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለን ሰው ምን ብሎ መመለስ ይቻላል? እምቢ ብል ለሱ ሳይሆን ለእግዚአብሔር እምቢ ያልኩ መሰለኝ።

ውለታም አለብኝ። አምና ትንሹ ልጄ ሳምባ ምች ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ እየተፈራረቁ አብረውኝ ያደሩት እሱና ሚስቱ ናቸው። ሚስቱ የልጄን የቆሸሸ ልብስ ቤቷ ወስዳ አጥባና ተኩሳ ታመጣልኝ ነበር። እሱን እንዴት እረሳለሁ?

ሦስት ሳምንት ጸለይኩ። ያዕቆብ «ማንም ጥበብ ቢጎድለው ይለምን» ብሏል፣ ለመንኩ። ምንም የሰማሁት ነገር የለም። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ (አትሳቁብኝ) «ጌታ ሆይ፣ እስከ 6 ሰዓት ከደወለ ፈርሚ ማለትህ ነው፣ ካልደወለ ተይው ማለትህ ነው» አልኩ። ስድስት ከሩብ ላይ ደወለ። አሁን ይሄ ምን ማለት ነው?

እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። እባካችሁ ምከሩኝ።

---

ናትናኤል_ቦሌ | እሑድ ማታ 3:31

ስድስት ከሩብ 😂 ይቅርታ እህቴ፣ አትሳቁ ብለሽ ነበር።

---

ሰላም_በክርስቶስ | እሑድ ማታ 3:48

እህቴ፣ በእምነት ፈርሚ። ልጅሽ ታሞ እነሱ አጠገብሽ ሲያድሩ «ስንት ያስወጣናል?» ብለው አልቆጠሩም። እኛ ግን ተራችን ሲደርስ ካልኩሌተር እናወጣለን። «በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል ቃሉ። ሰውየው ጾሞ ጸልዮ ነው የመጣው፣ ሌባ አይደለም።

---

ብድር_ክፍል_14 | እሑድ ማታ 4:20

ስሜ እንደሚለው ብድር ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የመንፈሱን ነገር ለመንፈሳውያን ትቼ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ነው የሚፈርመው፤ እኔም ፊት ለፊቴ ሲፈርሙ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ውሉ ላይ ምን ዓይነት ዋስ እንደሆንሽ እይ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን መጀመሪያ የመክሰስ ግዴታ የለበትም፣ ቀጥታ ወደ አንቺ መምጣት ይችላል። ሰዎች «እሱ ካቃተው በኋላ ነው እኔ የምጠየቀው» ብለው ያስባሉ። እንዲህ የሚሆነው ተራ ዋስ ከሆንሽ ብቻ ነው፤ አበዳሪዎች ደግሞ ተራ ዋስ አይወዱም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ደግሞ ዋስ የሆንሽበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ላይ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢሉሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪ።

ቀጥሎ ሒሳቡ፣ አንቺም የሒሳብ ሰው ነሽ። 350,000 ብር በ3 ዓመት ቢከፈል ዋናው ብቻ በወር 9,722 ብር ነው፣ ወለዱን ሳንጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደመወዝሽ ከሲሶው በላይ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። የ17,200 ሲሶ ወደ 5,733 ብር ይጠጋል። እሱ ምንም ሳይከፍል ቢቀር በዚህ ሒሳብ ዋናውን ብቻ ለመጨረስ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጅብሻል። ትንሹ ልጅሽ ያኔ ስንተኛ ክፍል ይደርሳል?

ከከፈልሽ በኋላ ገንዘቡን ከሱ የመጠየቅ መብት አለሽ። ግን የሚከፍለው ቢኖረው መጀመሪያም አይደርስብሽም ነበር።

---

ሰላም_በክርስቶስ | እሑድ ማታ 4:41

ወንድሜ የጻፍከው ትክክል ይሆናል፣ እኔ ሕግ አላውቅም። ግን ኢያሱ 9ን አንብብ። የገባዖን ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ሲመጡ እስራኤላውያን መረጃ አልጎደላቸውም። የደረቀና የሻገተ እንጀራ አሳዩአቸው፣ ያረጀ ጫማ፣ የተቀዳደደ አቁማዳ። ስንቁን አይተው ቃል ኪዳን ገቡላቸው። የተሳሳቱት እግዚአብሔርን ስላልጠየቁ ነው። ቁጥርም ይዋሻል ማለቴ ነው።

---

ናትናኤል_ቦሌ | እሑድ ማታ 4:44

እሱ ግን የሚያሳየው ለመፈረም አለመቸኮልን አይደለም እንዴ? እነሱም ፈርመው ነው ጉድ የሆኑት። ያውም በሦስተኛው ቀን ነው እውነቱን የሰሙት፤ ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ...

---

ሰላም_በክርስቶስ | እሑድ ማታ 4:50

እሺ፣ እሱን ወሰድክብኝ። ግን መጠየቁንም አትዝለለው።

---

የሰባት_ልጆች_እናት | ሰኞ ጠዋት 1:15

ልጄ ትዕግሥት፣ እኔ ጽሕፈት አይሆንልኝም፣ የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ።

የእኔ ባል ነፍሱን ይማረውና ይሉኝታ የገደለው ሰው ነበር። ለአንድ የሥራ ባልደረባው ዋስ ሆነለት። ሰውየው ጠፋ። ቤታችን የነበረችው አንዲት ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተጭነው ሲወጡ ልጆቼ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ባሌ እስኪሞት ድረስ የዚያን ሰው ስም ቤታችን ውስጥ ማንም አልጠራም። ገንዘቡስ ተከፈለ አለቀ። የባሌ ዝምታ ግን ብዙ ዓመት ከኛ ጋር ኖረ።

ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። ሰውየው አለ፣ ሚስቱ አለች፣ ልጅሽ አለ፣ ስልኩ አለ። ባልሽ የት አለ? እሱ ምን አለ?

---

ዲያቆን_ዘጎንደር | ሰኞ ጠዋት 2:02

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደራችሁ። እኔ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ስለ ዋስትና ተደጋግሞ ተጽፏል። ምዕራፍ 6፣ 11፣ 17 እና 22 ላይ ታገኙታላችሁ። ምዕራፍ 6 ላይ ሰሎሞን ዋስ ሆኖ የተያዘውን ሰው «ሄደህ ባልንጀራህን ነዝንዘው፣ ዓይንህ እንቅልፍ አይያዘው፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ አምልጥ» ብሎ ይመክረዋል። የሰሎሞን ምክር እዚህ ላይ እጅግ የጠነከረ ነው። ምዕራፍ 22 ደግሞ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበትን ምንጣፍ ከሥርህ ይወስዱብሃል ይላል። እናታችን የነገሩን የፍሪጅ ታሪክ ይኸው ነው።

ነገር ግን በእኛ ቀኖና ያለው መጽሐፈ ሲራክ ይህንኑ ነገር ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ምዕራፍ 29 ላይ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል፣ ዋስ የሆነልህን ሰው ውለታ አትርሳ፣ ራሱን ስለ አንተ ሰጥቷልና ይላል። ወዲያው ደግሞ ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋ ይናገራል፣ ባልንጀራህን እንደ አቅምህ እርዳ፣ ራስህም እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ብሎ ይዘጋል። ምዕራፍ 8 ላይ ከአቅምህ በላይ ዋስ አትሁን፣ ከሆንክም እንደሚከፍል ሰው ሆነህ አስብ ይላል።

«እንደሚከፍል ሰው» የሚለውን እህቴ ደጋግመሽ አስቢበት። ዋስ ስትሆኚ ዕዳው ያንቺ እንደሆነ ቆጥረሽ መጀመር አለብሽ። በዚያ ሒሳብ ከቻልሽ ሁኚ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ወደ ንስሐ አባት ይኬዳል። የንስሐ አባት ሕልም የሚፈታ ሰው አይደለም። ነገር ግን ቤትሽን ያውቃል፣ ያለፈውን ያውቃል፣ ከዚህም ከዚያም ጥቅም የለውም። በናንተ ዘንድም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

---

ቃሉ_ብቻ | ሰኞ ጠዋት 2:30

ዲያቆን፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሲራክ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም።

ዲያቆን_ዘጎንደር | ሰኞ ጠዋት 2:36

አውቃለሁ ወንድሜ። ምክሩ ግን ለ350,000 ብርም ይሠራል።

አወያይ | ሰኞ ጠዋት 2:50

የቀኖና ክርክር የራሱ ክር አለው፣ እዚያ ቀጥሉ። ሌላ፦ አንድ አባል የአንድ አገልጋይ ስም ጠቅሶ «እሱ ጋ ሂጂና ያይልሻል» ብሎ የጻፈውን አንሥቻለሁ።

---

ከሲልቨር_ስፕሪንግ | ሰኞ ከሰዓት 10:12

እዚህ አሜሪካ ኮሳይን ይሉታል። ከቤተ ክርስቲያን ለማውቀው ልጅ መኪና ሲገዛ ፈረምኩለት። ሥራው ሰው ማመላለስ ነበር፣ መኪና የግድ ያስፈልገው ነበር። ስምንት ወር ከፈለ። ከዚያ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ፣ ስልክ ቀየረ። እኔ ያወቅኩት ለቤት ብድር ሳመለክት ክሬዲቴ (የብድር አከፋፈል ነጥቤ) ወድቆ ሲታይ ነው። ቤቱ አመለጠን። ልጁ ክፉ ነበር ብዬ አሁንም አላምንም። አፍሮ ነው የጠፋው። ቀድሞ «አልቻልኩም» ቢለኝ የተወሰነ ወር እኔ እከፍልለት ነበር።

ካሁን በኋላ የማደርገው፦ የምችለውን በእጄ እሰጣለሁ፣ ፊርማ አልሰጥም።

---

ዋስ_ያጣሁ | ሰኞ ማታ 1:40

ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። አልቻልኩም።

እኔ ከወሎ መጥቼ አዲስ አበባ በሒሳብ አያያዝ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ዘመድ የለኝም። ለመጀመሪያ ሥራዬ በገንዘብ ያዥነት ተወዳድሬ አለፍኩ፣ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም። የቀረኝ ዋስ ነበር። 10 ቀን ሰጡኝ። በቤተ ክርስቲያን አራት ሰው ጠየቅኩ። ሁሉም ደመወዝተኛ፣ ሁሉም የማከብራቸው። አራቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፦ «እንጸልይበታለን»።

አንዱም «አይሆንልኝም» አላለኝም። ቢሉኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። 10 ቀኔን በመጠበቅ ጨረስኩ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሥራ አገኘሁ። ያኔ ዋስ የሆነኝ ከምከራይበት ቤት ሥር ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው። ሙስሊም ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ከመጣብኝ ስንት ነው?» ነገርኩት። አሰበ፣ «እሱን እችላለሁ» አለና ፈረመ። 6 ዓመት ሆነኝ፣ አንድ ብር አላስወጣሁትም። በየበዓሉ ቤቱ እሄዳለሁ።

ምሳሌ 6ን ሁላችሁም ጠቅሳችኋል። ይሁዳ ግን ለብንያም «እኔ ስለ እሱ እዋሳለሁ፣ ከእጄ ትፈልገዋለህ» ብሎ አባቱን ያሳመነበትን ዘፍጥረት 43ን ማንም አላነሣም። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ «ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው» ብሎ በእጁ የጻፈውንም። ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስን ራሱን ዋስ ይለዋል። በዚህ አገር ያለ ዋስ የማይገባበት ሥራ ብዙ ነው። ሁሉም ክርስቲያን «ጥበበኛ» ከሆነ ለእኔ ዓይነቱ ማን ይፈርማል?

ትዕግሥት፣ ፈርሚ አላልኩሽም። ከመለስሽለት ግን ቶሎ መልሺለት። እየጸለይሽ አታስጠብቂው።

---

ናትናኤል_ቦሌ | ሰኞ ማታ 1:58

«እንጸልይበታለን»... እኔም ብያለሁ። ለስንት ሰው እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

---

ብድር_ክፍል_14 | ሰኞ ማታ 2:15

@ዋስ_ያጣሁ እጅህን ያዝኩ። ባለሱቁ የጠየቀውን ጥያቄ ነው እኔ 14 ዓመት ሰዎች እንዲጠይቁ የፈለግኩት። የሥራ ዋስትናና የብድር ዋስትና በአደጋው መጠን ቢለያዩም ጥያቄው አንድ ነው።

አንድ የረሳሁት ነገር ለትዕግሥት፦ እናታችን ስለ ባልሽ ያነሡት ከምክርነቱ ሌላ በሕግም ያለ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን፣ መጠኑ እጅግ ትንሽ ካልሆነ በቀር፣ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል።

---

ዳቦ_ጋጋሪው | ሰኞ ማታ 3:05

እኔ ዳቦ ቤት አለኝ፣ ስለ ዋስትና የምለው የለኝም። ግን ማንም ስለ ዳቦው አልጠየቀም! ሁላችሁ ሰውየው ይከፍላል አይከፍልም ትላላችሁ። የሚከፍለው ዳቦው ነው እኮ።

ሰውየው ጋግሮ ያውቃል? ተቀጥሮ ሠርቷል? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ሊጥ ማቡካት የሚያስደስተው ሰው ነው? ኦቨኑና ማቡኪያው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋሉ፤ ሊከራየው ያሰበው ሱቅ ቆጣሪው ምን ዓይነት ነው? እኔ ስጀምር ማሽኑን ገዝቼ መስመር እስኪገባልኝ ድረስ ወራት ቆሜያለሁ፣ ኪራይ እየከፈልኩ። ብድር ደግሞ መብራት ገባ አልገባ ብሎ አይጠብቅም። ማሽን ከገዛ በኋላ ለፉርኖ ዱቄትና ለእርሾ የሚሆን መንቀሳቀሻ የተረፈው ስንት ነው? መብራት ሲጠፋ የቦካውን ሊጥ ምን ያደርገዋል?

ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ይላል። ያን ሰው ማንም እምነት የለህም አላለውም።

ሰውየው ከፈለገ እኔ ጋ መጥቶ ሁለት ሳምንት ሌሊት ይሥራ። ደመወዝ አልከፍልም፣ ዳቦ እሰጠዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሁንም ከፈለገ ያኔ እንነጋገር።

---

ቃሉ_ብቻ | ሰኞ ማታ 3:40

ስለ ስልኩ ምልክት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ጌዴዎን ምልክት ፈልጎ ባዘቶ (የበግ ጠጉር) ዘረጋ እያለ ምልክት ይለምናል። መሳፍንት 6ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። እግዚአብሔር ምን እንዲያደርግ ባዘቶው ከመዘርጋቱ በፊት በግልጽ ነግሮታል። ባዘቶውን የዘረጋው ምን ላድርግ ብሎ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። እግዚአብሔር ታገሠው እንጂ እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዘንም።

ያዕቆብ 1፥5ም እንደዚሁ። ከፊቱ ያለው ስለ መከራና ስለ ትዕግሥት ነው። የሚለምኑት ጥበብ ነገ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ አይደለም። የዚያ ጥበብ መልክ ምን እንደሆነ ደግሞ ምዕራፍ 3፥17 ላይ አለ፦ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ፣ ምሕረትና በጎ ፍሬ የሞላባት፣ ግብዝነት የሌለባት።

«ስጸልይ ስምሽ መጣልኝ» ያለውን ወንድም ሐሰተኛ አልለውም። ብድር ያስጨነቀው ሰው ሲጸልይ ደመወዝተኛ የሆነ የሚያውቀው ሰው ስም ባይመጣለት ነው የሚገርመኝ።

---

ሰላም_በክርስቶስ | ሰኞ ማታ 3:52

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ከረረች፣ ግን አሳቀችኝ።

---

ትዕግሥት_ዘጀሞ | ማክሰኞ ማታ 4:25

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ሁለት ቀን መልስ ያልሰጠሁት አፍሬ ነው።

እማማ (የሰባት ልጆች እናት)፣ ያዙኝ። ባለቤቴ በጽሑፌ ውስጥ የሌለው በነገሩም ውስጥ ስለሌለ ነው። እሱ ሾፌር ነው፣ ወሩን ግማሽ መስክ ላይ ነው። በስልክ «ወንድም እንትና ትንሽ ብድር ሊወስድ ነው፣ ዋስ ሁኚኝ ብሎኛል» ብዬው ነበር። «ትንሽ» ነው ያልኩት። 350,000 አላልኩም። ለምን? እምቢ ቢል እኔ ራሴ እምቢ ማለት ስላልፈለግኩ፣ እሺ ቢል ደግሞ ስለፈራሁ። ሦስት ሳምንት ለእግዚአብሔር ስለዚህ ነገር ስነግረው ለባለቤቴ የቁጥሩን መጠን አልነገርኩም።

ትናንት ማታ ደውዬ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለ። «ነገ አዳር ሳልይዝ እመጣለሁ፣ አብረን እንሂድ ቤታቸው» አለኝ። አሁን እየመጣ ነው፣ ሞጆ ደርሷል።

@ዋስ_ያጣሁ ያንተን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓርብን አልጠብቅም።

---

የሰባት_ልጆች_እናት | ረቡዕ ጠዋት 1:05

አይዞሽ ልጄ። በርቺ። ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ።

---

ከሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ ጠዋት 1:30

እባክሽ እንዴት እንደሆነ ጻፊልን። እዚህ ሌሊት ነው፣ ሳልተኛ እጠብቃለሁ።

---

ትዕግሥት_ዘጀሞ | ዓርብ ማታ 2:50

ረቡዕ ማታ ሄድን። ብርቱካን ይዘን። ሚስቱ ቡና አፈላች።

ባለቤቴ ነው የጀመረው። የልጃችንን ሕመም አነሣና አመሰገናቸው፤ ከዚያ በፊት በቦታው ስላልነበረ ፊት ለፊት አመስግኗቸው አያውቅም ነበር። ከዚያ እኔ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ በዚህ ገንዘብ መጠን ዋስ መሆን አልችልም። ቢደርስብኝ የመክፈል አቅም የለኝም፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ» አልኩት። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፣ ግን ጨረስኩት። ቆጥበን ካስቀመጥነው 15,000 ብር እንስጥህ፣ ብድር አይደለም፣ ብትከስርም የምንጠይቅህ አይደለም አልነው። ስለ ዳቦ ጋጋሪውም ነገርነው፣ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ገልብጬ ነበር።

ሦስት ፌዝ የሚለው ጋ ስደርስ ሚስቱ ሲኒ አስቀመጠች። «እኔም እሱን ነው የምለው!» አለች። ለካ ሱቁ መደበኛ ቆጣሪ ነው ያለው። እሷ ብዙ ጊዜ ተናግራለች፣ እሱ «ጌታ ይከፍተዋል» ይላታል። የብድሩንም መጠን ከኛ አፍ ነው የሰማችው። ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ተያየን። ምንም አላልንም፣ ምን እንላለን፣ እኛም ሁለት ቀን አልሞላንም።

እሱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ስምሽ የመጣልኝ ግን እውነት ነው» አለ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ቀስ ብሎ «ይሆናል። ምናልባት እንድትከለክልህ ይሆናል የመጣልህ» አለው። ማንም አልሳቀም። እሱ እንዴት እንደወሰደውም አላውቅም።

ገንዘቡን አልተቀበለም። የዳቦ ጋጋሪውን ስልክ ግን ሚስቱ ጽፋ ወሰደች።

---

ብድር_ክፍል_14 | ዓርብ ማታ 3:10

ጥሩ አድርጋችኋል። ገንዘቡን ባለመቀበሉ አትዘኚ፣ በዚያው ማታ መቀበል ለማንም ይከብዳል። ሳምንት ቆይታችሁ ለሚስቱ ስጧት።

---

ሰላም_በክርስቶስ | ዓርብ ማታ 3:18

እኔ ፈርሚ ያልኩሽ ነኝ። አሁንም እንዳታዝኚ ብዬ ነው እንጂ ልቤ ለሱ እየደማ ነው። ሕልሙ ነበር። ግን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ነው እምቢ ያላችሁት። እኔ ብሆን በቴክስት ነበር የምጨርሰው።

---

ዳቦ_ጋጋሪው | ዓርብ ማታ 3:33

እስካሁን አልደወለም። ከደወለ እነግርሻለሁ። ሌሊት ነው የምነሣው በሉት፣ ቀን እንዳይደውል፣ እተኛለሁ።

---

ዋስ_ያጣሁ | ዓርብ ማታ 3:47

የሐሙስ ኅብረታችሁስ? ትናንት ሐሙስ ነበር። መጣ?

---

ትዕግሥት_ዘጀሞ | ዓርብ ማታ 4:02

መጣ። ዘግይቶ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ የሚዘምረው እሱ ነው፣ ትናንት ሌላ ሰው ዘመረ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ሲወጡ ግን ትንሹን ልጄን አቅፎ አነሣው፣ እንደ ወትሮው። ሚስቱ ወደ ኋላ ቀርታ ብርጭቆዎቹን አብራኝ አጠበች።